አበል የሌለው ስልጠና

ጤና ጣቢያ ውስጥ «ስልጠና መጥቷል» ሲባል ፊት ሁሉ ይበራል። ደብዳቤው ይነበባል፣ ቦታው ወልድያ ነው ደሴ ይጠየቃል፣ ቀኑ ይቆጠራል፣ አበሉ ይሰላል። ማን ይሂድ የሚለው ክርክር ከስልጠናው ርዕስ በላይ የሚያነጋግርበት ጊዜም አለ። በመጨረሻ አንዷ ትሄዳለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቦርሳ፣ ደብተርና የምስክር ወረቀት ይዛ ትመለሳለች። «እንዴት ነበር?» ስትባል «አሪፍ ነበር» ትላለች። ወሬው እዚያው ያልቃል። የተማረችውም ነገር ከቦርሳው ጋር ቤቷ ገብቶ ይቀመጣል።

በአበል ለመቀለድ አይደለም። የነርስ ደመወዝ የት ድረስ እንደሚያስኬድ የምናውቅ ሰዎች፣ ያቺ የጥቂት ቀን አበል ለስንቱ የቤት ኪራይ እንደሆነች እናውቃለን። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ደብዳቤ ስለማይጻፍለት፣ አዳራሽ ስለማይከራይለት፣ ምስክር ወረቀት ስለማይታተምለት ሌላ ስልጠና ነው። በየማለዳው ተረኛ ከተረኛ ሲረካከብ ይጀምራል። አሠልጣኙ አጠገባችሁ ያለው ባልደረባ ነው፤ ሠልጣኙም እሱው ነው። የነርስነት ሙያ በእኛም አገር በሌላውም ዓለም ካደረጋቸው ትልልቅ እመርታዎች ብዙዎቹ የተወለዱት በእንዲህ ዓይነቱ ስልጠና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሮቢትን እናስብ። ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ፣ ጎብዬ ታልፎ የምትገኝ፣ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አስፋልት የሚያቋርጣት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የማሽላና የጤፍ ሜዳ፣ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ። ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበረታል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ካርድ ክፍሉ ፊት ያለው ሰልፍ ይረዝማል። በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው አደጋ ሰዓት አይመርጥም። ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ የምትመጣ ወላድም ቀጠሮ አታስይዝም። በአገራችን አሠራር አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ ይቋቋማል፤ በሥሩም አምስት ያህል ጤና ኬላዎች ይኖሩታል። ከእሱ በላይ ቆቦ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ። በዚህ መሰላል ላይ የጤና ጣቢያ ነርስ የምትቆመው ብዙ ሰው በሚመጣበት፣ ግን ጥቂት መሣሪያና ጥቂት ባለሙያ ባለበት እርከን ላይ ነው። ለገጠሩ ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። የሚጠብቀውም የዶክተር መልስ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ስፔሻሊስት ዞር ብሎ የሚጠየቅበት ዕድል የለም። ዞር ሲሉ የሚገኘው ያው የሥራ ባልደረባ ነው፤ አዋላጇ፣ የላቦራቶሪው ልጅ፣ ፋርማሲስቱ፣ ጤና መኮንኑ። አብሮ መማር ለትልቅ ከተማ ሆስፒታል ጥሩ ነገር ነው፤ ለሮቢት ግን ከዚያም በላይ ነው።

እንግዲህ ማስረጃዬን ላምጣ። የመጀመሪያዋ ማሚቱ ጋሼ ናት።

ማሚቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ለቀናት በቆየ ምጥ ልጇን አጥታ፣ ፊስቱላ ይዟት ወደ አዲስ አበባ የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ያከሟት ከሦስት ዓመት በፊት ከአውስትራሊያ የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ናቸው። ሆስፒታሉ ያኔ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባላል፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ማሚቱ ፊደል አልቆጠረችም። ትንሽ ሲሻላት አልጋ ማንጠፍ፣ ወለል መጥረግ ጀመረች። ቀጥሎ እንደ እሷ ያሉትን ሴቶች ማጽናናት፣ ማጠብ፣ መመገብ። ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል። ስታቀብል ታያለች፤ ስታይ ትይዛለች። ሬጂናልድ ሐምሊን ያንን ዓይን አዩት። እያስጠጉ፣ እጇን እየመሩ፣ ቀስ በቀስ ራሷ እንድትሠራ አደረጓት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ማሚቱ በዓለም ከታወቁ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪሞች አንዷ ሆነች። ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ባለ ዲግሪ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ከእሷ ጎን ቆመው እጇን እያዩ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሐምሊኖች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ እሷም አብራ ተሸለመች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ማሚቱ ጽናት ነው። እውነት ነው፣ ጽናቷ ያስደንቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን በሩ ነው። የዚያ ክፍል በር። ሐኪሙ «ይሄ የአንቺ ቦታ አይደለም» ቢሏት ኖሮ ታሪኩ ወለል መጥረጊያው ላይ ባለቀ ነበር። ያቺን ልጅ ያስተማራት ሰው እያየች ስትቀመጥ አላባረራትም፤ እንዲያውም ጠጋ በይ አላት። በየሥራ ቦታችን ለማየት የሚጠጉ ሰዎች አሉ። እነሱን እንዴት ነው የምንመልሳቸው? «አንቺ ገና ነሽ»፣ «አንተ ድሬሲንግህን ሥራ»፣ «ሲደርስህ ታየዋለህ»። ይህን ስል ነርስ ከሙያ ፈቃዷ ወጥታ ያልተፈቀደላትን ትሥራ ማለቴ አይደለም። አጠገቧ የሚሠራው ነገር ለምን እንደሚሠራ ታውቅ ነው የምለው። ፈቃድ መሥራትን እንጂ ማወቅን አይከለክልም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚሁ ከክልላችን፣ ከጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ማውጣት ጀመረ፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን። የሚገርመው ነገር እነዚህ ሦስቱ በክፍል ውስጥ ተምረው ተለያይተው አልተበተኑም። በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ፣ አንድ ላይ እንዲያክሙ፣ አንድ ላይ ቤት ለቤት እንዲዞሩ፣ ውኃውንና መጸዳጃውን አንድ ላይ እንዲያዩ ተደረገ። የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም የሚባለው ይሄ ነው፤ በጎንደር ያለፈ ጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ወስደውታል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ወባን ነርስ ብቻዋን አትጨርሰውም፤ ታካሚዋን አድና ትልካለች፣ ታካሚዋ ግን ያው ረግረግ አጠገብ ትተኛለች። ሳኒተሪያኑ ረግረጉን ያያል፣ ማን እንደታመመ ግን አያውቅም። ሁለቱ ሲነጋገሩ ብቻ ነው ሥዕሉ የሚሞላው። ወባ የሚያስከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. 1958ን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ወባ ገብቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህሉ ሞተ። በራያ ሜዳ ያለ ጤና ጣቢያ ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ ወሬ የሚሰማው አይደለም። ዛሬ መስከረም ላይ ከአንድ ቀበሌ የሚመጣው የወባ ታማሚ በድንገት ሲጨምር መጀመሪያ የሚያየው ላቦራቶሪው ነው፤ ለምን እንደጨመረ የሚያውቁት ደግሞ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሆናሉ። ሁለቱ በሳምንት አንዴ ካልተገናኙ ግን ወሬው ለወረዳ በሚላክ ሪፖርት ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ስለ ጤና ኤክስቴንሽን ካነሳን አይቀር፦ እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮግራሙ ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። ሁለት መሆናቸውን ብዙ ሰው እንደ ተራ ነገር ያልፈዋል። እኔ ግን የፕሮግራሙ አንዱ ብልሃት እሱ ይመስለኛል። ጤና ኬላ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሚጠይቀው የለውም፤ ሁለት ከሆኑ ግን አንዷ የተጠራጠረችውን ሌላዋ ትሰማለች።

አሁን ወደሚያሳምመው ነገር ልግባ። አብሮ መማርን የሚገድለው የጊዜ እጥረት ነው ይባላል። አይደለም። የሚገድለው ፍርሃት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን በሆስፒታል ክፍሎች ታጠና ነበር። የጠበቀችው ጥሩ መሪ ያላቸው፣ እርስ በርስ የሚስማሙ ቡድኖች ጥቂት ስሕተት እንደሚሠሩ ነው። ቁጥሩ ሲወጣ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ጥሩዎቹ ቡድኖች ብዙ ስሕተት መዝግበው ተገኙ። ነገሩን ስትመረምረው ምስጢሩ ተገለጠላት። እነዚያ ነርሶች የበለጠ እየተሳሳቱ አልነበረም፤ የተሳሳቱትን የበለጠ ይናገሩ ነበር። በሌሎቹ ክፍሎች ስሕተቱ ነበረ፣ አፍ ግን ተለጉሟል። በኋላ ይህ ግኝት በዓለም ዙሪያ የሥራ ቦታ ትምህርት ጥናት አንዱ መሠረት ሆነ።

ይህን አንብቤ ያሰብሁት የእኛን «ግምገማ» ነው። እኛ አገር ግምገማ ሲባል ወንበር ክብ ይሠራል፣ ልብ ይመታል፣ ሰው የባልደረባውን ስሕተት ለዕለቱ አጠራቅሞ ይመጣል። አንዷ «የመድኃኒት መጠን ልሳሳት ነበር፣ ለጥቂት ነው የተረፍሁት» ብትል ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍርባታል። በሚቀጥለው ዓመት የደረጃ ዕድገት ሲመጣ ይጠቀስባታል። ታዲያ ማን ይናገር? ሁሉም ዝም ይላል፤ በሳምንቱ ሌላዋ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትወድቃለች። የመድኃኒት ጠርሙሶቹ መልክ ተመሳስሎ ከሆነ፣ ስሕተቱ የእሷ ሳይሆን የመደርደሪያው ነበር። መደርደሪያውን ለማስተካከል ግን አንድ ሰው መናገር ነበረበት።

የሚናገር ሰው ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን ከጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2001 ፒተር ፕሮኖቮስት የተባለ ሐኪም ወደ ትልልቅ ደም ሥር ቱቦ ሲገባ የሚደረጉትን አምስት ነገሮች ወረቀት ላይ ጻፈ፦ እጅ መታጠብ፣ ቆዳውን በፀረ ተሕዋስያን መጥረግ፣ ታካሚውን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ጋዋን፣ ጓንትና ጭምብል ማድረግ፣ ቱቦው ከገባ በኋላ በንጹሕ ፋሻ መሸፈን። ማንም የማያውቀው አዲስ ነገር የለም። ነርሶቹ ለአንድ ወር ሐኪሞቹን እንዲያዩ ተጠየቁ፤ ከታካሚዎቹ ከሲሶ በሚበልጡት ላይ ቢያንስ አንዱ ነገር ሲዘለል አገኙ። ቀጥሎ ትልቁ እርምጃ መጣ። ሆስፒታሉ ለነርሶቹ «ሐኪሙ አንዱን ከዘለለ አስቁሙት» የሚል ሥልጣን ሰጣቸው። በቀጣዩ ዓመት በቱቦው ሰበብ የሚመጣው ኢንፌክሽን ከ11 በመቶ ወደ ዜሮ ወረደ። ሕይወት ያዳነው ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ «ዶክተር፣ እጅዎን አልታጠቡም» ለማለት የተፈቀደላት ነርስም ናት።

እዚህ ላይ ሽማግሌ እያከበረ ያደገ ሰው ይከብደዋል፤ በእኛ አገር ታላቅን ማረም ድፍረት ነው። ግን እኮ አክብሮ ማረም ይቻላል። «ዶክተር፣ አንዴ ይቅርታ፣ ጓንት ላምጣልዎት?» ማለት ማንንም አያዋርድም። ይህን ቋንቋ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ የወሎ ሰው ለስለስ አድርጎ እውነት መናገርን ከማንም አይማርም።

ፈጠራ የሚለውን ቃል ስንሰማ ደግሞ ኮምፒዩተር ይታየናል። ሕክምና ውስጥ ያየሁት ፈጠራ ግን አብዛኛው ርካሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚያሞቅ ማሽን አልበቃ ሲል፣ ሐኪሞቹ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አሰሩት። የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ተጠንቷል፣ ዛሬ በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ዳካ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ መሐመድ ጆባየር ቺስቲ የተባለ ሐኪም ውድ መተንፈሻ ማሽን ስላልነበረ የሻምፑ ጠርሙስ በውኃ ሞልቶ፣ ቱቦ አስገብቶ፣ ሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት ትንፋሽ ደገፈበት፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ፣ ዘዴው በእኛም ሆስፒታሎች ተሞክሯል።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን የእኛው ነው፤ ገንፎው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በጤና ተቋም የወለደች እናት ከመቶ አምስት ብቻ ነበረች። እናቶቹ ለምን ቤት መውለድን መረጡ? ጤና ባለሙያው ለብዙ ጊዜ «አያውቁም» ሲል ነበር። እናቶቹ በእርግጥ ያውቁ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ብርድ አለ፣ ዘመድ በር ላይ ይከለከላል፣ አተኛኘቱ አይመችም፣ ወንድ ያያል፣ ሲወለድ እልል የሚል የለም፣ ገንፎ የለም። ይህን ያወቁት እናቶቹን የሰሙ ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። እናም በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ መገንፋት ተጀመረ፣ ቡና ይፈላ ጀመር፣ እናት ምጧ ሳይደርስ መጥታ የምትሰነብትበት የእናቶች ማቆያ ተሠራ። ዱቄቱንና ቅቤውን በየቦታው ሕዝቡ ራሱ አዋጣ። በእርግጥ አምቡላንሱም፣ መንገዱም፣ የነፃ አገልግሎቱም ድርሻ አላቸው፤ ገንፎ ብቻውን አገር አልለወጠም። ግን ቁጥሩን እዩት፦ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ከመቶ 26፣ በ2019ኙ 48 ደረሰ። የገንፎውን ሐሳብ ከሰሚናር አዳራሽ ያመጣው ባለሙያ አልነበረም። የመጣው ወላዷን «ምን ጎደለሽ?» ብሎ ከመጠየቅ፣ መልሷንም ለባልደረባ ከመንገር ነው።

ተቋማትም ይህንኑ መንገድ ይዘውታል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 የሆስፒታሎችን የጥራት ጥምረት ሲጀምር፣ ሆስፒታሎች በክላስተር ሆነው፣ አንድ መሪ ሆስፒታል በዙሪያው ያሉትን ይዞ፣ የሠራላቸውን እንዲለዋወጡ ነው ያደረገው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጥምረት በደብዳቤ ይቋቋማል እንጂ በደብዳቤ አይኖርም፤ የሚኖረው ወደ ታች፣ ወደ ተረኛ ክፍሉ ሲወርድ ነው።

ታዲያ ሮቢት ላይ ከምን ይጀመር? ድር ቢያብርን ልጠቅስላችሁ አልመጣሁም፤ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፣ ተባብረን ስንሠራ ግን ብዙም አልታየንም። በራያ ሜዳ አረምና አጨዳ ሲደርስ ሰው በወንፈል ይገባባል፤ ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ፣ ማንም የቀን ሒሳብ አያጭበረብርም። እውቀትንም እንዲሁ ማዋል ነው። ዛሬ አዋላጇ ፓርቶግራፍ አሞላል ታሳይ፤ ነገ የላቦራቶሪው ልጅ የደም ናሙና ለምን እንደሚበላሽበት ይናገር፤ ከነገ ወዲያ ፋርማሲስቱ በሙቀት የሚበላሹትን መድኃኒቶች ያስተዋውቅ፤ በቆላ ሙቀት ይህ ጨዋታ አይደለም። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ርክክቡ እንዳለቀ፣ ጋዋን ሳይወልቅ፣ ቆሞም ቢሆን። ከስልጠና የተመለሰችዋ ባልደረባ ደግሞ በሳምንቷ ተራ ትያዝ፤ ቦርሳውን ለራሷ ታስቀር፣ ያወቀችውን ግን ታካፍል።

ሪፈር ላይ ደግሞ ትልቅ ትምህርት ተቀብሮ ይገኛል። ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ የላክናት እናት ምን ሆነች? ወረቀቱ ከእሷ ጋር ይሄዳል፤ መልሱ ግን አይመለስም። ደውላችሁ ጠይቁ። ሆስፒታሉ ያገኘው ምርመራ እናንተ ከጠረጠራችሁት ጋር ገጠመ? ካልገጠመ፣ ምልክቱ የቱ ነበር ያመለጠን? ይህችን ጥያቄ በወር ሦስት አራቴ የሚጠይቅ ጤና ጣቢያ፣ ያለ ምንም በጀት የራሱን ኮሌጅ ከፈተ ማለት ነው። ስትደውሉም በቅደም ተከተል ተናገሩ፦ ታካሚዋ ማናት፣ አሁን ምን ሆነች፣ ከዚህ በፊት ምን ነበረባት፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ከእናንተ ምን እፈልጋለሁ። ይህ አነጋገር በባሕር ሠርጓጅ መርከበኞች ዘንድ ተጀምሮ ወደ ሕክምና የገባ ነው። በሌሊት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ስልክ ላይ የምትናገረውን የምታውቅ ነርስ ታካሚዋን ግማሽ መንገድ አደረሰቻት።

የቴሌግራም ቡድንም ይጠቅማል፤ ጥያቄ ይጠየቅበታል፣ የመድኃኒት መጠን ይታረምበታል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የታካሚ ፊትና ስም እዚያ አይውጣ። የሮቢት ገበያ ትንሽ ነው፣ ሰው ይተዋወቃል።

የጽዳት ሠራተኛዋንና ጥበቃውን ከዚህ መማማር ውጪ አታስቀሩ። ታማሚው ማታ ምን ብሎ እንዳቃሰተ፣ የትኛው አልጋ ሥር ደም እንደተገኘ፣ ማን መድኃኒቱን ሳይውጥ ኪሱ እንደከተተ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው የሚያዩት። ማሚቱንም አስታውሱ፤ መጥረጊያ ይዛ ነው የጀመረችው።

አንባቢ «ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ሆድ ሲሞላ» ቢለኝ አልቆጣም። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ስለ ደመወዝ ያነሱት ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ አነቃቂ ጽሑፍ ለእሱ መልስ አይሆንም፣ መልስ ነኝ ካለም ይዋሻል። ጥያቄያችሁን ጠይቁ። አብሮ መማር የምለው ለአሠሪ የሚሰጥ ስጦታ አይደለም፤ እውቀቱ የሚቀረው እናንተ ዘንድ ነው።

ይህንን ደግሞ የራያ ቆቦ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደዚህ ሲደርስ፣ በ2014 ነሐሴም ዳግም ሲመጣ፣ በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። አልጋ ሄደ፣ ማይክሮስኮፕ ሄደ፣ ፍሪጅ ሄደ። ሥራው እንደገና የተጀመረው በሰዎቹ ነው። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ሐሳብ አለ፦ አንድ ክህሎት በአንድ ነርስ እጅ ብቻ ካለ፣ ለመጥፋቱ ጦርነት አያስፈልገውም፤ አንድ የዝውውር ደብዳቤ ይበቃዋል። አምስት ሰው ከያዘው ግን ዝውውሩ ሌላ ጤና ጣቢያ ያበለጽጋል እንጂ ሮቢትን ባዶ አያደርግም። አዲስ የተመደበች ጁኒየር ስትመጣ ስንቱን ነገር ራሷ ተሳስታ እስክትማር መጠበቅ አለባት? ያለፈው ሰው ስሕተት በደብተር ተጽፎ ቢጠብቃት ምን ይጎዳል? ያ ደብተር እንዲጀመር አንድ እስክሪብቶና አንድ ሰው ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ተረኛ ከሆናችሁ ርክክቡ ሲያልቅ ቶሎ አትበተኑ። አንዳችሁ «ትናንት ማታ ግራ የገባኝ ነገር አለ» በሉ። ሌሎቻችሁ አትሳቁ፣ አትፍረዱ፣ ስሙ። የተነጋገራችሁትን በሁለት መስመር ጻፉት፣ ቀኑን አስፍሩበት፣ ተረኛ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። የማታው ተረኛ ያንብበው።